ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሥራ ቦታ መካሪ፦ የቱ ይሻላል?

«ልጄን ከአሠሪ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ የቱን ልያዝ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ተማሪ ከመሥሪያ ቤት ጋር ማገናኘት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም ተዉትና መካሪ የሚሆነውን ሰው እዩ።

የአንድ ቀኑ ቀላሉ ነው። ልጁ አንድ ባለሙያ ሲከተል ይውላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ጨርሶ ግራ ለገባው ልጅ አይናቅም። «ይሄንንስ አልፈልገውም» ብሎ መመለስም ትርፍ ነው። መካሪ አገኘ ግን አትበሉ።

ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆየው ይሻላል። ጀርመን ውስጥ ብዙ ተማሪዎች 9ኛ ክፍል አካባቢ እንዲህ ሥራ ቦታ ይውላሉ። ጣጣው ልጁን የሚይዘው ሰው ሲጠፋ ነው። አንዱን ከትልቅ ድርጅት ሲመለስ «ምን ተማርክ?» አልኩት። «ፎቶኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲይዝ መክፈት» አለኝ። ምን ልበለው?

እኔን ከጠየቃችሁኝ አንድ ለአንድ የሆነውን፣ የትምህርት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቀውን ምረጡ። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። አንዴ አንዲት ተማሪዬን ለማየት ሦስት ሰው ብቻ ያለበት የሒሳብ ቢሮ ሄድኩ። መካሪዋ የደረሰኝ ክምር ፊቷ አስቀምጣ «ሒሳቡ በ90 አልገጠመም፤ ፈልጊው» አለቻት። ልጅቷ ግማሽ ሰዓት አገላበጠች። ከዚያ ሴትዮዋ ጠጋ ብላ «ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ፣ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጦ እንደሆነ እዪ» አለቻት። እውነትም 540 የነበረው 450 ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች! እኔም ያንን ዘዴ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ርዝመቱ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የሚባል፣ ልጆችን ከአዋቂ መካሪ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት አለ፤ በእሱ ወጣቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አለ። ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቁት ከሁሉ በላይ ተጠቅመዋል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጭራሽ ወርዷል። ያ የሥራ ቦታ ምክር አይደለም፤ ግን ጀምሮ የሚጠፋ ሰው ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ ይነግራችኋል።

በቡድን የሚሰጠው ለዓይን አፋር ልጅ ይመቻል። በኢንተርኔት የሚሆነው ደግሞ መጀመሪያ በአካል ከተገናኙ ይሠራል። መልእክቱ ግን ትምህርት ቤቱ በሚያየው መንገድ ይሁን፤ በግል ስልክ አይሁን።

ከመስማማታችሁ በፊት «ልጄን የሚይዘው ማን ነው?» በሉ። «ማንም ይይዘዋል» ካሏችሁ ማንም አይይዘውም ማለት ነው። እሱ ዕረፍት ሲወጣ ማን እንደሚተካ፣ አለቃው ለዚህ ሰዓት ፈቅዶለት እንደሆነም ጠይቁ። ብዙ ፕሮግራም የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። መካሪው ቅን ሆኖ ሥራው አያፈናፍነውም። ወርክሾፕ ከሆነ ደግሞ አደገኛ ማሽን ላይ እንዳያቆሙት አስረግጡ። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ለአደገኛ ሥራ መነሻ ያደረገው 18 ዓመትን ነው።

ዓመት የሚዘልቅ ካጣችሁ አጭሩን ያዙ። የሚያልቅበትን ቀን ግን ልጁ ከመጀመሪያው ይወቀው።