ጂምና ሩጫ አብሬ እየሰራሁ ጉልበቴ ቀነሰብኝ፣ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው ግን ጂሙንም መተው አልፈልግም፣ ክብደቴ 70 ኪሎ ነው። ማክሰኞ ማታ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ)፣ ረቡዕ ጠዋት ባዶ ሆዴን ኢንተርቫል (በእረፍት እየተቆራረጠ የሚሮጥ ፈጣን ሩጫ)፣ ሐሙስ ዴድሊፍት (ክብደት ከመሬት ማንሳት)፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ። እንዳልወፍር ብዬ ማታ ማታ ካርብ (ካርቦሃይድሬት፣ እንደ ሩዝና ዳቦ ያለው) አልበላም፣ ፕሮቲን ብቻ ነው። አሁን በፊት በቀላሉ የማነሳው ኪሎ ከበደኝ፣ ደረጃ ስወጣ ራሱ እግሬ ይዝላል፣ እንቅልፌም ይቆራረጣል። ሁለቱ አብሮ አይሄድም ይሉኛል፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦
ኧረ ይሄዳል ወንድሜ! ይሄ ነገር በብዛት የሚወራው ሂክሰን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ካወጣው ጥናት በኋላ ነው፣ ሁለቱን አብረው የሰሩት ሰዎች ጉልበታቸው መጀመሪያ ጨምሮ በ10 ሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ መውረድ ጀመረ፣ ግን እኮ በሳምንት 5 ቀን ክብደት ማንሳት 6 ቀን ደግሞ ከባድ የጽናት ልምምድ ነበር የሚሰሩት፣ ያን ያህል የሚሰራ ማን አለ? ያንተ ችግር አደራደሩ ነው። ስኳት የሰራ እግር አድሮ ጠዋት ኢንተርቫል ሲጠየቅ ከየት ያምጣ? ከባዱን ከከባዱ ጋር አንድ ቀን ላይ አድርገው፣ ኢንተርቫሉ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስኳቱ ማታ፣ መሃላቸው ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር። ረቡዕ እያወራህ የምትሮጠው ቀለል ያለ ሶምሶማ ወይ እረፍት። ጂም ላይ ደግሞ ዙሩን ቀንስ እንጂ ኪሎውን ብዙ አታውርድ፣ ያለህን ጉልበት ለመጠበቅ ጥቂት ከባድ ዙር ይበቃል።

ሌላ መልስ፦
አደራደሩ ልክ ነው ግን እኔ ዋናው ምግቡ ነው ባይ ነኝ። ማታ ካርብ የለም፣ ጠዋት ባዶ ሆድ፣ ከዛ ኢንተርቫል! ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ግላይኮጅን (ከካርብ የሚገኝ የኃይል ክምችት) ሳይሞላ እኮ ነው የምትሮጠው። በዚህ ልምምድ በቀን በኪሎ ከ5 እስከ 7 ግራም ካርብ ያስፈልግሃል፣ ላንተ ከ350 እስከ 490 ግራም ማለት ነው፣ እረፍት ቀን ቀነስ ይላል። ፕሮቲን በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ፣ ወደ 112 ግራም፣ እሱንም ባንዴ ሳይሆን በየምግቡ ከ20 እስከ 30 ግራም እያልክ። ማታ ከስኳት በኋላ ሩዝ ወይ ድንች ከእንቁላል ጋር ብላና ተኛ፣ አያወፍርህም። የእንቅልፉ መቆራረጥም ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሌላ መልስ፦
እህትህ ልጨምርልህ፣ በደንብ እየበላህና እየተኛህ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ድካሙ ካልለቀቀህ ሐኪም ጋ ሂድና ደም ታይ፣ የብረት ማዕድን (አይረን) ማነስ በሯጮች ላይ የተለመደ ነው። ይሄን የምታነቡ ሴቶች ደግሞ ልምምድ ስትጨምሩ የወር አበባ ከቀረ ወይ ከተዛባ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት፣ ብዙ ጊዜ ሰውነት በቂ ምግብ እያገኘ አለመሆኑን ነው የሚናገረው፣ ሲቆይ አጥንት ይጎዳል።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ጠዋት በልቼ ስሮጥ ግን ሆዴን ይረብሸኛል፣ እሱንስ?

ሁለተኛው መላሽ፦
በትንሹ ጀምር፣ ግማሽ ሙዝ ወይ አንድ ቁራሽ ዳቦ በማር፣ ቅባትና ጥራጥሬ ይቅርብህ። ሆድም እንደ እግር ይለማመዳል። ቅዳሜ ሩጫው ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርብ ውሰድ፣ ጄልም (ሯጮች የሚወስዱት ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ሆነ ጣፋጭ መጠጥ የተመቸህን፣ ብቻ ውድድር ቀን ላይ የምትወስደውን ከአሁኑ ሞክረው።