የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዬ ጎኑ ተከፈተ፣ ነገ ሌሊት ነው የምወጣው! ሱፐር ግሉ ይይዘዋል?

በረዶሜዳ፦ ወገን ቶሎ በሉልኝ። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ከዴንቨር ስኪ ወደሚነዳበት ተራራ፣ ወደ ብሬከንሪጅ፣ እንወጣለን። አሁን ሳየው አንዱ ስኪ ጎኑ ተከፍቷል፣ የባንክ ካርድ ያስገባል። ከጓደኛው ይልቅም ልፍስፍስ ብሏል። ቤት ያለው ሱፐር ግሉ ብቻ ነው። ውስጡ እንጨት ስለሆነ ነው አይደል? ከካርቦን ፋይበር የተሠራውን ነበር መግዛት።

ቦሌ_ልጅ፦ ሀበሻና ስኪ 😂 እግር የተሰጠን ለሩጫ ነው።

ካፖርት፦ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በስኪ ሲወዳደር በሶምሶማ ነው የሄደው? ይልቅ ወንድሜ፣ ሱፐር ግሉ አይሆንም። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ስኪው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ኢፖክሲ (ሁለት ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ኮላ) አድርገህ በሞርሳ እሰረው። የተከፈተው የቱ ጋ ነው?

በረዶሜዳ፦ እህትህ ነኝ 🙂 ጭራው ጋ፣ ስንዝር ይሆናል። ጫን ሳደርገው ውሃ ጠብ አለ።

አናጢው፦ ውሃ ካለ ነገን እርሺው፣ ተከራዪ። እንጨቱን ግን አትሚው። ስኪ ድርብርብ ነው፦ ከታች ፕላስቲክና የብረት ጠርዝ፣ ከዛ ፋይበር ግላስ፣ መሃል እንጨት፣ ከላይ እንደገና ፋይበር ግላስ። በረዶ ላይ ሲታጠፍ የታችኛው ፋይበር ይለጠጣል፣ የላይኛው ይጨመቃል፤ እንጨቱ ሁለቱን አራርቆ ይይዛል። ጥንካሬው የሚመጣው ተጣብቀው እንደ አንድ ሲሠሩ ነው። ሁለት እኩል ስስ ኮምፔንሳቶ ደርበሽ እጠፊ፤ ከዛ በኮላ አጣብቀሽ እጠፊ። የተጣበቀው አራት እጥፍ ይገትራል። ያንቺ ጭራ የላላው ድርቡ ተላቆ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ነው። ውሃው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰፋ ስንጥቁን በየቀኑ ይገፋዋል።

ደረቅ_በረዶ፦ ካርቦንም ኮላው ከለቀቀ ያው ነው። ቀላልና ግትር ነው፣ ግን ጠጣር በረዶ ላይ ይንቀጠቀጣል። ንዝረት ለማፈን ቲታናል ያለበት ይሻላል።

ቦሌ_ልጅ፦ ቲታኒየም ማለት ነው?

ደረቅ_በረዶ፦ ስሙ አያታልልህ፣ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። አንዴ ከተጣመመ አይመለስም። ደግሞ ስኪን ወለል ላይ ጫን ብሎ መለካት ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ሲጠመዘዝ ምን ያህል እንደሚገትር አያሳይም። በረዶው ሲጠጥር ጠርዙ እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው፣ የሚመጣውም በ45 ዲግሪ ሰያፍ ከተነጠፈው ፋይበር ነው።

ካፖርት፦ ኢፖክሲና ሞርሳ። አልኩ እኮ።

አናጢው፦ እንዴት እንደሆነ ሳትነግራት? ስሚኝ፦ ስንጥቁ ውስጥ ስቴኪኒ ሰክተሽ ክፍት አድርጊው፣ ጭራውን ወደ ታች አቁመሽ ሞቅ ባለ ክፍል ሁለት ቀን ይድረቅ። የፀጉር ማድረቂያ ካስፈለገ በዝቅተኛው፤ ሙቀት ሲበዛ ደህናውንም ኮላ ያለሰልሰዋል። ከዛ የሚላላጠውን በብርጭቆ ወረቀት አንሺ፣ በ90 በመቶ አልኮል ጥረጊ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትጠቀሚ፣ ብዙው ቅባት አለበት። ኢፖክሲው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይሁን፤ የ5 ደቂቃው ክርር ብሎ ይሰበራል። በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ለክተሽ ደህና አድርገሽ አማስይ። በስስ ቢላ እስከ ስንጥቁ መጨረሻ አስገቢ፣ አፉን ከፈት ዘጋ አድርጊው፣ ራሱ ይስበዋል። በፌስታል ጠቅልለሽ ከላይና ከታች ጣውላ፣ በሦስት ሞርሳ። ኮላው በጠርዙ በኩል እንደ ዶቃ ብቅ ሲል አቁሚ! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከመጠን በላይ ካጠበቅሽ ኢፖክሲው ሁሉ ወጥቶ ደረቁ ይቀራል። 24 ሰዓት፣ ከ20 ዲግሪ በላይ። ጋራዥ ውስጥ አይደርቅም።

ደረቅ_በረዶ፦ ስንጥቁ እስከ ባይንዲንጉ (ጫማሽን ስኪው ላይ የሚይዘው) ሥር ከሄደ ግን አትድከሚ። ቪቲዎቹ የሚይዙት እዛ ነው፣ በፍጥነት ላይ ይነቀላል። ቀጭን ቢላ አስገብተሽ የት ድረስ እንደሚገባ ለኪ።

ካፖርት፦ ጓደኛውንም ስኪ ጎኑን በጥፍርሽ ፈትሺ፣ አብረው ነው የሚያረጁት።

አናጢው፦ እንዴት ሆነ? ለካሽው?

ቦሌ_ልጅ፦ ሦስት ቀን ሆናት። በሱፐር ግሉ ሄዳ እንዳይሆን።