ስፕሬይ ቀለም ለመሸጥ የካሊፎርኒያ ሕግ ምን ይጠይቃል?

ሱቅ_ጠባቂ፦
ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ አካባቢ ባለ አነስተኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስፕሬይ ቀለም (ከጣሳ የሚረጭ ቀለም) ሊገባ ነው። መታወቂያ ማየት ብቻ ይበቃል?

ቀለሙ_ደረሰ፦
አይበቃም ወንድሜ። የግዛቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 594.1 ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ብቻ ሳይሆን እንዲሁ መስጠትንም ይከለክላል። ዕድሜው የሚረጋገጠው መንግሥት በሰጠው ሰነድ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ይሆናል። 6 አውንስ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ጣሳ በወላጅ፣ በአስተማሪ ወይም በአሠሪ ቁጥጥር ሥር ለሚጠቀም ልጅ ይፈቀዳል። ብዙ ሱቅ የሚረሳው ማስታወቂያውን ነው፦ በቀለም ንብረት ማበላሸት በገንዘብ፣ በእስር ወይም በሁለቱም እንደሚያስቀጣ የሚገልጽ፣ በግልጽ ቦታ የተለጠፈ፣ የፊደሉ ቁመት ቢያንስ ሦስት ስምንተኛ ኢንች (1 ሴንቲ ሜትር ገደማ)። ቃሉን ከሕጉ እንዳለ ቅዱት። ከተማውም የራሱ ደንብ ስላለው ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ።

አልማዝ_ሃርድዌር፦
እኔ ደግሞ ከመታወቂያ በላይ የምፈራው ስርቆትን ነው። ግድግዳ የሚሞነጫጭር ልጅ ካሸሩ ጋ አይመጣም፣ ከመደርደሪያ ያነሳል። ስለዚህ ጣሳውን በሚቆለፍ ሽቦ ቁም ሣጥን አስገቡት፣ ቁልፉ ከካሸሩ አይለይ፤ ማታ ማታ በቀለም ዓይነት ቁጠሩ። መጀመሪያ የሚጎድሉት ጥቁር፣ ክሮምና ነጭ ናቸው። የጣሳው አፍ ላይ የሚገጠሙትን ትርፍ መርጫዎችም (ወፍራም መስመር የሚያወጡትን) ደብቁ።

ቺካጎ_ነዋሪ፦
እዚህ ቺካጎ ከተማው በ1992 የስፕሬይ ቀለም ሽያጭን ጨርሶ አገደ፣ በ1995 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አጸናው። ግን ከከተማው ወሰን ውጭ ያሉ ሱቆች ይሸጣሉ። ግድግዳ የሚሞነጫጭረው በመኪና ሄዶ ሲገዛ፣ የጓሮ በሩን የሚቀባው ሰውዬ ይቸገራል። የእናንተ አሠራር ይሻላል።