«ጥናት ተጠንቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

የታቦር ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ስናወራ አንድ ወንድም «ጥናት ተጠንቷል፤ ሐይቁ ምንም አይሆንም» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ማን አጠናው? ወረቀቱን በዓይኑ ያየ አለ? ሐይቁ ዳር አዲስ ነገር በተተከለ ቁጥር የምንሰማው ይህችኑ ቃል ነው።

የፓርኩ ሠራተኛ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 የተመረቀው ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ የሚባለውን፣ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ የሚያደርገውን ማጣሪያ ይዞ ነው። የጨርቅ ማቅለሚያው ውሃ ይጣራል፣ ሜምብሬን በሚባል ስስ ማጣሪያ ያልፋል፣ የቀረው ተንኖ ጨው ብቻ ይተርፋል። አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ስንት ሺህ እህቶቻችን እንጀራ የሚበሉበትን ቦታ አታጥቁሩብን።

የታቦር ልጅ፦ ፓርኩን ማን ነካብህ ወንድሜ? የማጣሪያውን ነገር ተቀብያለሁ። የያዝኩህ «ተጠንቷል» ላይ ነው። አዋጅ 299/1995 አንቀጽ 15 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ አካባቢውን ምን ያደርገዋል የሚለው ጥናት፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየት ይሰብሰብበት ይላል። ጥናቱን የሚያስጠናው ባለፕሮጀክቱ ራሱ ነው፣ በራሱ ወጪ። ሕዝብ ካላየው ታዲያ ማን ይየው?

ጥቁር ውሃ፦ ሁለታችሁም ፓርክ ፓርክ ትላላችሁ። እኔ ያደግኩት ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር ነው። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ድሮ ጨለለቃ ረግረጉ ደለሉን ያስቀርልን ነበር። አሁን አብዛኛው እርሻና ግጦሽ ሆኗል። በክረምት ድልድዩ ላይ ቁሙና እዩ፤ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል። ለጨለለቃ መድረቅ ማን ጥናት አጠና? አንድ ባለቤት ያለው ፕሮጀክት አይደለማ! አንዱ ትንሽ አረሰ፣ ሌላው ትንሽ ገፋ፣ አለቀ። የተጽዕኖ ግምገማ አንድ ፋብሪካ ይይዛል፤ እንዲህ ያለውን በምን ይያዝ?

ፒያሳ፦ እውነት ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ እንደሌለውም አትርሱ። የገባው እዚያው ይቀራል።

የፓርኩ ሠራተኛ፦ «እዚያው ይቀራል» ካልክማ እንደ ሻላ ሐይቅ ጨው ይሆን ነበር። ከመሬት በታች እየሰረገ ስለሚወጣ ነው ውሃው ያልጨወየው።

ፒያሳ፦ ውሃው ይስረግ። ደለሉና ፕላስቲኩም አብሮ ይሰርጋል?

የፓርኩ ሠራተኛ፦ መጀመሪያ «የገባው» አልክ፣ አሁን ፕላስቲክ ሆነ። አንድ ቦታ ቁም እንጂ።

አሞራ ገደል፦ ልጆች፣ እኔ ዓሳ ሻጭ ነኝ። ባለፈው ባለ ጀልባው መረቡን ሲያራግፍ አጠገቡ ነበርኩ። ከቆሮሶ ዓሳው ጋር ዘጠኝ የውሃ ላስቲክ ወጣ። አንዱ ውስጥ ጫት ተጠቅጥቆበታል። ይኼ ከፋብሪካ አልመጣም፤ ከእኛው ቱቦ ነው የመጣው።

ጥቁር ውሃ፦ ቱቦ ካነሳሽ እህቴ፣ ሰፈራችን ያለ አንድ ማረፊያ ቤት ዝናብ እስኪጥል ጠብቆ የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይለቃል። ሽታው ቤታችን ድረስ ይገባል። ቱቦው የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው።

የፓርኩ ሠራተኛ፦ ታዲያ ለምን አላመለከትክም? አዋጅ ስትጠቅሱ ነበር። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ 300/1995 አንቀጽ 11 ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው ማንም አቤት ይበል ይላል።

ጥቁር ውሃ፦ ሄጃለሁ። «ማስረጃ አምጣ» አሉኝ። በሌሊት፣ በዝናብ፣ ምን ይዤ ልምጣ? ሁለተኛ ስሄድ ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል ተባልኩ።

ፒያሳ፦ እንዲህ ከሆነ ዓሳውን መብላት እናቁም በሉኛ።

አሞራ ገደል፦ ዓሳዬን አትንካ! ሃያ ዓመት ሾርባውን እየሸጥኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሐይቁ ይጠበቅ ስል ገበያዬን ዝጉ ማለቴ አይደለም።

ፒያሳ፦ ጥሬውን ነው ያልኩት እትዬ።

አሞራ ገደል፦ ጥሬም ብስልም አላልክም። የጻፍከውን ወደ ላይ ሄደህ አንብበው።

የታቦር ልጅ፦ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ጥናቱን አይተኸዋል?

የፓርኩ ሠራተኛ፦ አላየሁትም። ግን ማጣሪያው በየቀኑ ሲሠራ አያለሁ።

የታቦር ልጅ፦ ማጣሪያውን ማየትና ጥናቱን ማየት ይለያያል። ደግሞ ስለ አንድ ግቢ የተጠና ነገር ይዘህ «ሐይቁ ምንም አይሆንም» ማለት አትችልም። ጨለለቃም፣ ቱቦውም፣ ማረፊያ ቤቱም እዚያ ወረቀት ውስጥ የሉም። ሰኞ ጠዋት አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄጄ ሪፖርቱን አሳዩኝ እላለሁ። አብሮኝ የሚሄድ?

ጥቁር ውሃ፦ እኔ አለሁ። ያቺን ማመልከቻዬንም እጠይቃለሁ።

የፓርኩ ሠራተኛ፦ ሰኞ የጠዋት ሺፍት ነኝ። «ምንም አይሆንም» ያልኩት ግን ስለ ፓርኩ ውሃ ነው፤ እሱን አልመልስም።

የታቦር ልጅ፦ ትናንት «ሐይቁ» ነበር ያልከው።