ልብስ ሰፊው ፕሬዚዳንት፦ ሙያው ነው ወይስ ምላሱ ያደረሰው?

አዲስ አንባቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ 17ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ አንድሪው ጆንሰን እያነበብኩ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ ቴነሲ ውስጥ ግሪንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ነው ወደ ፖለቲካ የገባው። ልብስ ሰፊነቱ እውነት ለፖለቲካው ጠቅሞታል? ወይስ «እኔም እንደናንተ ድሃ ነበርኩ» እያሉ ድምፅ የሚለምኑባት የተለመደች ወሬ ናት? ማንበብ ያስተማረችው ሚስቱ ናት የሚባለውስ?

ባለመቀሱ
ወንድሜ፣ እኔ ራሴ 22 ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝና ካደላሁ ይቅር በለኝ። ጠቅሞታል፤ ያውም በደንብ።

የእኛ ሥራ እጅና ዓይን ይይዛል እንጂ ጆሮ አይዝም። ያን ጊዜ ደግሞ ሲንገር የሚባል መኪና የለም፤ እሱ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ኮት ከገበሩ እስከ አዝራር ቀዳዳው በእጅ ነው የሚሰፋው። ቀጥቃጭ ቤት መዶሻው ያደነቁርሃል፤ ሰፊ ቤት ግን ጭጭ ነው። ጆንሰን አባቱን በሦስት ዓመቱ ያጣ ልጅ ነው፤ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ራሌይ በምትባል ከተማ ጄምስ ሴልቢ ለሚባል ሰፊ እስከ 21 ዓመቱ እንዲያገለግል በውል ታሰረ። እዚያ የከተማው ሰዎች እየመጡ ለሚሰፉት ልጆች መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር። አንዱ የታወቁ ንግግሮች ስብስብ ነበር። አስበው፣ እጁ ይዘመዝማል፣ ጆሮው ንግግር ይማራል።

በ1824 ከወንድሙ ከዊልያም ጋር ጠፋ። ሴልቢ በጋዜጣ ምን ብሎ አስነገረ መሰለህ? ሁለቱን ላመጣልኝ 10 ዶላር፤ አንድሪውን ብቻ ላመጣልኝም ያችኑ 10 ዶላር! እኔ ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጌታው የትኛው እጅ እንደሚያዋጣው አሳምሮ ያውቃል።

በ1826 ግሪንቪል ገባ፤ በዓመቱ ኤሊዛ ማካርድልን አገባ። እሱ 18፣ እሷ 16 ዓመታቸው ነበር። ማንበቡን ከዚያ በፊትም ይሞካክር ነበር፤ እሷ ያስተማረችው መጻፍና ሒሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ራሱ የክርክር ቤት ሆነ። ሰው ልኩ ሲወሰድ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ያወራል። ስለ ግብሩ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ዳኛው። ሰፊ የማይሰማው ምስጢር የለም። በ1829 የከተማ ምክር ቤት፣ በ1834 ከንቲባ፣ በ1843 ኮንግረስ፣ በ1853 የቴነሲ ገዥ። በሙያው አፍሮ አያውቅም። እንዲያውም ስፌቴ አይተረተርም፣ በቀጠሮዬም ሰዓት አልዛነፍም እያለ ይኩራራ ነበር። የመጀመሪያዋን አምነዋለሁ። ሁለተኛዋን ግን ለሙያ ባልደረባዬም ቢሆን አላምንም፤ «ነገ ና» ያላለ ሰፊ እስካሁን አልተወለደም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገዥ ሳለ፣ ድሮ ቀጥቃጭ የነበረ አንድ ዳኛ በገዛ እጁ የሠራውን የምድጃ አካፋ ላከለት። እሱም ጨርቅ አውጥቶ፣ በእጁ ኮት ቆርጦ ሰፍቶ ላከለት። ለፎቶ ብሎ ነው ትሉ ይሆናል። ይሁን፤ ግን ሙያውን የረሳ ሰው ኮት አይወጣለትም።

ያለፈው ዘመን
ባለመቀሱ፣ ጣፍጦኝ ነው ያነበብኩት፤ ግን መጨረሻው ላይ መቀስህን አስቀመጥክ። ይህ ሰው ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ባለብዙ እርሻ ሀብታሞችን ይጠላ ነበር፤ ለድሃ መሬት በነፃ ይሰጥ ብሎም ለዓመታት ተሟግቷል፤ ሕጉ በ1862 ወጣ። ቴነሲ ከአሜሪካ ስትገነጠልም ሴናተርነቱን አልለቅም ብሎ ከኅብረቱ፣ ማለትም ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ቆመ፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ምክትሉ ያደረገው ለዚህ ነው። ሊንከን ሲገደል ሥልጣኑን ያዘና በ1866 ነፃ ለወጡት ጥቁሮች የዜግነት መብት የሚሰጠውን ሕግ ውድቅ አደረገ፤ ኮንግረስ ውድቅታውን ሽሮ አጸደቀው። በ1868 ተከሶ ሴኔት ፊት ሲቀርብ 35 ለ19 ሆነ፤ ከሥልጣን ለመውረድ 36 ያስፈልግ ነበርና በአንድ ድምፅ ተረፈ። ያ በሱቁ ሲከራከርለት የነበረው «ድሃ» ነጭ ድሃ ብቻ ነበር።

ባለመቀሱ
ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። በእኛ ቋንቋ ልንገርህ። ልብስ ስንቆርጥ ከስፌቱ ወደ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንተዋለን፤ ባለቤቱ ቢወፍር ተፈትቶ ይሰፋለታል። ጆንሰን ሐሳቡን በልኩ ቆርጦ ትርፍ አልተወም። በ1829 የለበሳትን በ1866ም ለብሶ ቆመ። ግትርነቱ ሀገር ሲገነጠል ጠቀመ፤ በኋላ ያው ግትርነት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጎዳ።

አዲስ አንባቢ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከዋይት ሐውስ ሲወጣስ ወደ መርፌው ተመለሰ?

ባለመቀሱ
ወደ መርፌው አይደለም፣ ወደ ምርጫው! ተሸንፎ፣ ደግሞ ተሸንፎ፣ በ1875 ሴኔት ተመልሶ ገባ። ከፕሬዚዳንትነት በኋላ ሴናተር የሆነ እሱ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተ፤ ግሪንቪል በባንዲራ ተጠቅልሎ ተቀበረ። ሱቁ ዛሬም አለ፤ ያቺ ትንሽ የእንጨት ቤት እንዳትፈርስ ብለው ዙሪያዋን የጡብ ቤት ሠርተውባታል። በሯ ላይ የሚታየው ጽሑፍ «ኤ. ጆንሰን፣ ልብስ ሰፊ» ነው የሚለው።