አባቴ ነገ ባቄላውን ሊረጭ ነው፤ እነዚህ ጥቋቁር ትሎች ምንድን ናቸው?

የባሶና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ነን። ባቄላችን አብቧል፤ ጫፍ ጫፉን ግን ጥቁር ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ወሮታል፣ ቅጠሉ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዛሬ ጠዋት ቅጠል ገልብጬ ሳይ ክሽክሹ መሃል ሌላ ነገር አገኘሁ። ስድስት እግር ያለው፣ ጠቆር ብሎ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያለበት፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ትል። አባዬ «ዋናው ጠላት ይሄ ነው» ብሎ መርጫ ተውሶ መጥቷል። እኔ ግን ልቤ አልፈቀደም። የምታውቁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።

ሰብል ጥበቃ፦
ወንድሜ እባክህ አስቁመው! ያ ትል የቀይዋ ጥንዚዛ ልጅ ነው፤ ያቺ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት። እናትየዋን ሁሉም ያውቃታል፣ ልጇ ግን ስለማይመስላት ስንቱ ገበሬ በእጁ ይጨፈልቀዋል። እስኪያድግ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል። ኬሚካሉ ሁለቱንም ይገድላል፤ ልዩነቱ ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ ልጇም በሳምንት በአስር ቀን ራሷ ትወልዳለች፣ ጥንዚዛዋ ግን ወር ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ ከርጭት በኋላ ቀድሞ የሚመለሰው ክሽክሹ ነው፣ ያውም የሚበላው ሳይኖር። ባቄላው ደግሞ አበባ ላይ ነው፣ ንቦቹም ይሞታሉ። በጣም የተወረረውንና ትል የሌለበትን ጫፍ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ሌላውን ተዉት። በ1888 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ካሊፎርኒያ የተወሰደች ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻውን ከጥፋት ያተረፈችው እንዲሁ ተባዩን በመብላት ብቻ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦
እኛ ቃሪያ ላይ በየሳምንቱ ስንረጭ ኖረን ክሽክሹ ይብስ ነበር። አምና ዳር ዳሩን ድንብላል ዘራን። ሲያብብ ንብ የሚመስሉ፣ አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ዝንቦች መጡ። እነሱ የሚበሉት የአበባ ማር ነው፣ ክሽክሹን የሚጨርሰው እግር አልባው ትላቸው ነው። ርጭቱን ከተውን በኋላ ነው ያየናቸው። ጉንዳን ካለ ግን ተጠንቀቁ፣ ከክሽክሹ ለሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲል ይጠብቀዋል።

ጅሩ፦
ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ አይደለችም። ገብስና ጤፍ ቅጠል የምትበላ ዘመድ አላት፤ ጀርባዋ የማያብረቀርቅ፣ ትሏም እሾሃማ። ቅጠሉ ተፍቆ እንደ ወንፊት ከሆነ እሷ ናት። አገዳ ቆርቁርም ግንድ ውስጥ ስለሚገባ የባቄላዋ ጥንዚዛ አታገኘውም። የባሶናው ልጅ ያየው ግን ወዳጅ ነው።

የባሶና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንዱን ትል ክሽክሽ ካለበት ቅጠል ጋር ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ አባዬ ፊት አስቀመጥኩት። አንዷን ይዞ መጠጣት ሲጀምር አባዬ መነጽሩን አመጣ። ቡናው እስኪፈላ ሰባት ቆጠረ። መርጫውን እስከ እሁድ አቆይተነዋል፣ ነገ በጠዋት ጫፍ ልንቆርጥ ነው።