አንድ ኢንቨርተር፣ ሁለት መልቲሜትር፦ 181 ነው ወይስ 230?

ባለ ኢንቨርተሩ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ እስኪ እርዱኝ።

ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ግድግዳ ሶኬት ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) አለኝ። 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ እንደሚያወጣ ላዩ ላይ ተጽፏል። መውጫውን በመልቲሜትሬ (በቮልት መለኪያዬ) ስለካው ግን 181 ይለኛል። ተበላሽቷል ብዬ ልፈታው ስል ጓደኛዬ የራሱን ሜትር ይዞ መጣ። በሱ 230 ሆነ። ያው ሶኬት፣ ያው ደቂቃ። ከሁለት አንዱ ሜትር ተበላሽቷል ብለን ግድግዳው ሶኬት ላይ ሞከርናቸው። የኔ 228፣ የሱ 229። እዚያ ተስማሙ!

ይባስ ብሎ፣ ኢንቨርተሩ ላይ ባለ 100 ዋት ሁለት አምፖል ስሰካ የኔ ሜትር ወደ 202 ወጣ። ጭነት ሲጨመር ቮልት ይወርዳል እንጂ ይጨምራል እንዴ? የጓደኛዬ ሜትር ደግሞ ከ230 ንቅንቅ አላለም።

ሽፋኑን ከፍቼ ሳይ ቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ የቮልት ማስተካከያ ብሎን አለች። የኔ ሜትር 230 እስኪል ላዙራት? በእጅ የሚያዝ ኦሲሎስኮፕም (የኤሌክትሪኩን ሞገድ ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ፣ ስኮፕ የምንለው) አለኝ፤ መልቲሜትሩ አብሮት ነው። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ሁልጊዜ ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ ሰክቼ ነው የምሠራበት። እሱ ነገሩን ይፈታልኝ ይሆን?

የድሮ ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ ብሎኗን እንዳትነካት። ዩኤስቢውንም አሁኑኑ ንቀል። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ሜትሮቹ ሁለቱም ደህና ናቸው። ልዩነቱ አለካካታቸው ላይ ነው። የጓደኛህ ላይ "ትሩ አርኤምኤስ" (እውነተኛውን ቮልት ይለካል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ፤ ያንተ ላይ የለም። ያንተ ዓይነቱ ሜትር ኤሲውን (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ) ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ አማካዩን ይወስዳል። ከዚያ በ1.11 አባዝቶ ያሳይሃል። ይህ 1.11 የሚሠራው ለሳይን ሞገድ፣ ማለትም ለስላሳ ማዕበል ለሚመስለው ቅርጽ ብቻ ነው። የግድግዳው ሶኬት ሳይን ስለሆነ እዚያ ላይ ልክ መጣ። የድሮው ባለ ቀስት ሜትርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኢንቨርተሩ ላይ ብትሰካው እሱም 180 አካባቢ ይቆምልሃል።

ኢንቨርተርህ "ሞዲፋይድ ሳይን" የሚባለው ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ። ስሙ ሳይን ይበል እንጂ ቅርጹ ደረጃ ነው። ወደ 325 ቮልት ዘሎ ጥቂት ይቆማል፣ ዜሮ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ታች 325 ዘሎ እንደገና ዜሮ ላይ ያርፋል። እንግዲህ አስላው። ግማሹን ጊዜ 325፣ ግማሹን ጊዜ ዜሮ ከሆነ አማካዩ 162.5 ነው። በ1.11 ስታባዛው 180 ይመጣል። ይኸው ያንተ ቁጥር!

አምፖሉ የሚሰማው ሙቀት ግን በአማካይ አይሰላም። 325ን በራሱ አባዛ፣ ለሁለት ክፈል፣ ካሬ ሥሩን አውጣ። 230 ነው። የጓደኛህ ሜትር ይህንን ነው የሚያሰላው።

ብሎኗን ብታዞራት ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ያንተ ሜትር 230 እንዲል አማካዩ ወደ 207 መውጣት አለበት። ጫፉ 325 ላይ እንዳለ ቢቆይ እውነተኛው ቮልት ወደ 259 ይደርሳል። አንድ ማሞቂያ ብትሰካበት 27 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። የሰው ዕቃ እንዲህ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ። ጠጋኙ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ያመነው ሜትሩን ነው።

ስኮፕህን አውጣና ቅርጹን እየው። ግን መጀመሪያ ስለ ፕሮቡ (ስኮፑን ከሚለካው ነገር ጋር ስለሚያገናኘው ገመድ) የሚያውቅ ሰው ይጻፍልህ፤ 230 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

ሽቦና ብየዳ፦

ስለ ፕሮቡ እኔ ልበል። ይህን ሳታነብ እንዳትጀምር።

መጀመሪያ ስኮፑ ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ወሰን ተመልከት። ብዙዎቹ ትንንሽ ስኮፖች ወሰናቸውን የሚጽፉት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ያንተ ሞገድ ወደ ላይ 325፣ ወደ ታች 325 ነው፤ በድምሩ 650። ስኮፑ በ10 እጥፍ ፕሮብ (ቮልቱን ለ10 ከፍሎ ለስኮፑ በሚሰጠው) 400 ድረስ ነው የሚል ከሆነ አልፈኸዋል ማለት ነው። ባለ 100 እጥፍ ፕሮብ ያስፈልግሃል፤ የፕሮቡም የቮልት ወሰን በቂ መሆን አለበት።

የዩኤስቢው ነገር እንዲህ ነው። ስኮፑ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ከመሬት ጋር ግንኙነት የለውም። ሶኬት ላይ ከተሰካ ኮምፒውተር ጋር ስታገናኘው ግን የፕሮቡ ጥቁር ክሊፕ በኮምፒውተሩ በኩል መሬት ይሆናል። ያንን ክሊፕ ቮልት ያለበት ሽቦ ላይ ብታደርገው ቀጥታ ሾርት ነው። ኮምፒውተሩም፣ ስኮፑም፣ አንተም አደጋ ላይ ናችሁ።

በባትሪ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አትመነው። ክሊፑ የነካው ቮልት ሁሉ በመሰኪያው ብረት ቀለበት ላይ ይወጣል። ብዙዎቹ ርካሽ ስኮፖች ላይ ይህ ቀለበት ያልተሸፈነ ብረት ነው። ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት ፕሮብ የሚቀበል) ከሆነም ሁለቱ ክሊፖች ውስጥ ለውስጥ የተያያዙ ናቸው፤ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ካደረግሃቸው ስኮፑ ራሱ ሾርት ያደርገዋል።

አሠራሩ ይኸው፦ ኢንቨርተሩን አጥፋ። ክሊፑንም ጫፉንም አያይዝ። ስኮፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና እጅህን አንሳ። ከዚያ አብራ። ለማንቀሳቀስ ከፈለግህ እንደገና አጥፋ። ሽፋኑ እንደተከፈተ ከሆነ ካጠፋህ በኋላም ውስጡን አትንካ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ጥቂት ጊዜ 300 ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

ለሞገዱ የስኮፑን ስክሪን አንድ ክፍል 5 ሚሊ ሰከንድ አድርገው። 50 ኸርዝ አንድ ዙሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ አራት ክፍል ላይ ቁጭ ይልልሃል።

ባለ ኢንቨርተሩ፦

እግዜር ይስጥልኝ! ዩኤስቢውን ነቅዬ፣ ስኮፑን በደንብ ቻርጅ አድርጌ፣ ባለ 100 እጥፍ ፕሮብ ተውሼ ዛሬ ጠዋት ለካሁት። የስኮፑ ወሰን ልክ እንዳላችሁት 400 ነበር። ያንን ቁጥር አይቼው አላውቅም ነበር።

ቅርጹን ሳይ ደነገጥኩ። የጠበቅሁት ለስላሳ ማዕበል ነበር፤ ያየሁት ግን የቤት ጣሪያ የመሰለ ጠፍጣፋ ነው። 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ ይቆማል፣ 5 ሚሊ ሰከንድ ዜሮ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ታች ይወርዳል።

ግን ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። አንደኛ፣ ስኮፑ ጫፉ 35.2 ቮልት ነው አለ። ሁለተኛ፣ አምፖሎቹን ሳበራ ጣሪያው ዝቅ አለ፣ ግን ሰፋ። ባትሪውም ከ12.7 ወደ 11.8 ወረደ።

የድሮ ጠጋኝ፦

ጎበዝ! የመጀመሪያው ቀላል ነው። ስኮፕህ ሜኑው ላይ 100 እጥፍ የለውም፤ 10 እጥፍ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የምታየውን በ10 አባዛ፤ 352 ነው።

352ም ቢሆን ከጠበቅነው በዝቷል። ሞገዱ ወደ ላይ የሚዘልበትን ጠርዝ በደንብ እየው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀንድ አለች? ስኮፑ በራሱ የሚጽፈው ከፍተኛ ቮልት ያቺን ቀንድ ጨምሮ ነው። ፕሮቡ ተስተካክሎ ካልሆነ ቀንዷ የፕሮቡ ሥራ ልትሆን ትችላለች። ስኮፕህ 1 ኪሎ ኸርዝ የሚያወጣ መሞከሪያ ካለው ፕሮቡን እዚያ ላይ አድርግና፣ ሞገዱ ጠፍጣፋ እስኪሆን ድረስ የፕሮቡን ትንሽ ብሎን አዙር። ያቺን ብሎን ማዞር ይፈቀድልሃል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን የመለኪያ መስመር በእጅህ አንቀሳቅሰህ ጠፍጣፋው ላይ ለካ።

ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ የጠየቅኸው እንቆቅልሽ መልስ ነውና። ባትሪው ሲወርድ ጫፉ ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ይህንን ለማካካስ ጣሪያውን ያሰፋዋል። ሙቀቱ እንዳይለወጥ ነው የሚታገለው። አማካዩ ግን በዚያው ይጨምራል። ጫፉና ስፋቱ ስንት እንደሆነ ንገረኝና እንፈትሸው።

ሽቦና ብየዳ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ትሩ አርኤምኤስ ሜትርም ለሁሉም ነገር አይሆንም። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ መውጫ ላይ በሰከንድ ሺዎች ጊዜ የሚቆራረጥ ሞገድ ስላለ ብዙዎቹ ሜትሮች የማይረባ ቁጥር ይሰጣሉ። መመሪያው ላይ እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚለካ ተጽፏል፤ እሱን እዩ።

ባለ ኢንቨርተሩ፦

ፕሮቡ በእርግጥ አልተስተካከለም ነበር። የመሞከሪያው ሞገድ ጠርዝ ላይ ቀንድ ነበረችበት። ብሎኗን ሩብ ዙር ሳዞራት ጠፋች። ከዚያ እንደገና ለካሁ።

ያለ ጭነት፦ ጠፍጣፋው 324 ቮልት፣ ስፋቱ 5 ሚሊ ሰከንድ። ከሁለቱ አምፖል ጋር፦ 290 ቮልት፣ 6.3 ሚሊ ሰከንድ።

ራሴ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ግማሽ ዙሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ 290 በ0.63 ሲባዛ አማካዩ 183 ገደማ ነው። በ1.11 ሲባዛ 203። ሜትሬ 202 ብሎኝ ነበር! ትክክለኛውን ስሠራው ደግሞ 290 በ290፣ በ0.63፣ ካሬ ሥሩ 230 ሆነ። የጓደኛዬ ሜትር።

ወረቀቱን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ቮልት ጨመረ ብዬ የተጨነቅሁበት ቁጥር፣ ባትሪው እየደከመ እንደሆነ ነበር የሚነግረኝ።

ኢንቨርተሩን አጥፍቼ፣ ካፓሲተሮቹ እስኪወርዱ ጠብቄ፣ ሽፋኑን መልሼ ዘጋሁት። የማስተካከያዋ ብሎን እንዳለች ናት። ሜትሬ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ለሳይን ሞገድ ብቻ" ብዬ ጽፌበታለሁ።